በኮሚቴ የጸደቀ ባል

ስለ ጋብቻ ምክር የሚሰጥ ሰው አልወድም። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ኋላ እንዳንቀያየም ከመጀመሪያው መናገሩ ይሻላል ብዬ ነው። ጂንካ ውስጥ ሠርግ በተጠራሁ ቁጥር አንድ ሰው ማይክራፎን ይቀበልና ጉሮሮውን ጠርጎ «ጋብቻ በእውነት ላይ ካልተመሠረተ ይፈርሳል» ይላል። ሰው ያጨበጭባል። እኔ አላጨበጭብም። ተናጋሪው ባለፈው ዓመት ሦስተኛ ሚስቱን መፍታቱን፣ ሦስቱንም ሲያገባ ከልቡ ወድዶ እንደነበር እያሰብኩ የቀረበልኝን እበላለሁ። እውነት ብቻውን ቤት የሚያቆም ቢሆን ኖሮ የዚያ ሰውዬ ቤት እስከ ዛሬ ሦስት ፎቅ በሆነ ነበር።

የእኔ ጋብቻ በውሸት ላይ ነው የተመሠረተው። ተራ ውሸት እንዳይመስላችሁ። በሦስት ቅጂ የተዘጋጀ፣ ጉርድ ፎቶ የተለጠፈበት፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ውሸት ነው። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላል የአገሬ ሰው፤ እኔ የተሸከምኩት ግን እያደር ሲከብደኝ ነው የኖረው። አሁን ከአስተማሪነቴ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከሥራ የሚያባርረኝ የለም፤ ስለዚህ እንደ ልቤ አወራለሁ። ንስሐ ግን ከኔ አትጠብቁ። ለንስሐ የንስሐ አባት አለኝ፤ ለእናንተ ያለኝ ወሬ ብቻ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከኦሞራቴ ልነሳ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ አስተማሪ ሆኜ እዚያ፣ ከጂንካ ርቃ ወንዝ ዳር ባለች የቆላ ከተማ፣ ተመደብኩ። ኦሞራቴ ተመደብኩ ስትሉ ጂንካ ውስጥ ያገኛችሁት ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥላችኋል። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ትንኙ፣ መኪና በስንት ጊዜ አንዴ ስለ መምጣቱ ይነግራችኋል። እኔ ኦሞራቴን አላማም። ሙቀቱስ ሙቀት ነው፤ ጠመኔው በላቤ እየራሰ ሰሌዳው ላይ አልጽፍ ይለኝ ነበር። ነገር ግን የዳሰነች ልጆች ከብት ተከትለው ከርመው ሲመለሱ የተውነውን ገጽ ሳይረሱ ነው የሚመጡት። ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ ወላጆቻቸው ጭቃው ላይ የሚዘሩት ማሽላ ሲደርስ የእሸቱ ድርሻ አይቀርብኝም። አንዱ ተማሪዬማ ሁለት ዓሣ በሲባጎ አንጠልጥሎ ይመጣና «ቲቸር፣ ይሄ ለሒሳብ ነው፤ ይሄ ለእንግሊዝኛ» ይለኝ ነበር። በሒሳብ ወደቀ። ዓሣው ግን ጥሩ ነበር።

ስለዚህ ከኦሞራቴ የሸሸሁ አድርጋችሁ እንዳታስቡ። እኔን ያስጨነቀችኝ ጂንካ ያለችው እናቴ ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ ዐይኗ እየደከመ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። ከኔ በቀር ልጅ የላትም። ኦሞራቴ ይዣት ልሂድ ብላት «የአባትሽን መቃብር ለማን ጥዬ?» አለችኝ። ሥራዬን ልልቀቅና ልምጣ ብላት ደግሞ «ሁለታችንም ቁጭ ብለን ማን ሊያበላን ነው?» አለች። ሁለቱም እውነት ነው። እናቴ ላይ ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ ሁልጊዜ እውነቷን ነው።

ደብዳቤ እየላከችልኝ ነበር። የምትጽፈው በጎረቤታችን በዘለቀ እጅ ነው። ዘለቀ የዚያው የጂንካ አገር ተወላጅ፣ የአሪ ልጅ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃን አብረን ነው የተማርነው፤ ያን ጊዜ ችግኝ ጣቢያ ይሠራ ነበር። አጥሩ ከአጥራችን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ማለዳ ውሃዋን ቀድቶላት ነው ወደ ሥራው የሚሄደው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ልጄ አልጋነሽ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሆድሽ አይባባ፤ ምግብሽን ብዪ።» ከዚያ ከፊርማዋ በታች፣ ዳር ላይ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል ሌላ ነገር ይጨመርበታል፦ «እናትሽ ደህና ነኝ ብላ አስጽፋኛለች። ትናንት ምድጃው ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጥሏል። ይህን እንደጻፍኩ አታውቅም። ዘለቀ።» በየደብዳቤው ከላይ እናቴ ደህና ናት፤ ከታች ዘለቀ እውነቱን ይነግረኛል። እኔም ደብዳቤ ሲመጣልኝ ከታች ነው ማንበብ የምጀምረው።

ያ ስለ ክንዷ የጻፈልኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ቀን የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። እናቴ ዐይነ ስውር ናት፣ ጧሪ የላትም፣ ጂንካ አዛውሩኝ አልኩ። መልሱ መጣ። በመመሪያው መሠረት ዝውውር የሚፈቀደው ለራሱ ለታመመ ሠራተኛ ወይም ባለቤቱ ሌላ ቦታ ለሚኖር ነው ይላል። እናት አልተጠቀሰችም። መመሪያውን ሦስት ጊዜ አገላብጬ አነበብኩት፤ እናት የሚል ቃል የለበትም። የታወረች እናት አትቆጠርም፤ ጤነኛ ባል ይቆጠራል። ይህን ያረቀቀው ሰው ከድንጋይ ተፈልፍሎ ነው የወጣው? እናት የወለደችው አይደለም? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ የነበረውን ጉድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከኦሞራቴም ሆነ እንደሷ ሩቅ ከሆነችው ከካንጋተን መውጣት የፈለገ ሰው የሚያገባው ዝውውሩን ነበር። ማመልከቻ በሚገባበት ሰሞን ቀበሌው ዘንድ ከቤተ ክርስቲያኑ የበለጠ ጋብቻ ይፈጸም ነበር። ሙሽራውና ሙሽሪት ፈርመው ሲወጡ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይሄዳል። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እኔ ግን የቄስ ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም። ሐሳቡን ያመጣልኝ ዘለቀ ነው። ለዘለቀ ደግሞ ያመጣለት አንድ የጃፓን መጽሐፍ ነው።

አትሳቁ። አንዲት ጃፓናዊት ተመራማሪ እንሰት ልታጠና መጥታ አሪ ደጋ ለረጅም ጊዜ ተቀምጣ ነበር፤ ዘለቀ ነበር መንገድ የሚመራትና የሚያስተረጉምላት። ወደ አገሯ ስትመለስ ጃንጥላዋንና አንድ ካርቶን መጽሐፍ ትታለት ሄደች፤ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎሙ የጥንት ጃፓን ታሪኮች ናቸው። እሱም ከሥራ ሲመለስ እናቴ አጠገብ ይቀመጥና መዝገበ ቃላቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አንዱን ወፍራም መጽሐፍ በአማርኛ ያወራላታል። ክረምት ለእረፍት ስመጣ እኔም ተቀላቀልኩ። ታሪኩ የአንዲት ሴት ነው። በጥንት ጊዜ በጃፓን መንገድ ላይ ኬላ ነበረ፤ ሴት ልጅ ደግሞ ወረቀት ካልያዘች ብቻዋን ኬላ አታልፍም። የዚህች ሴት አባት ሩቅ ከተማ ታሞ ተኝቷል። ማን ያሳልፋት? አንድ መድኃኒት ሻጭ፣ እየዞረ የሚነግድ ሰው፣ «ሚስቴ ነሽ እላለሁ፤ አባትሽ ዘንድ አድርሼሽ በየመንገዳችን እንሄዳለን» አላት። እናቴ የሴትዮዋን ስም መጥራት ስላቃታት ወለተ ጊዮርጊስ ብላ ክርስትና አነሳቻት። ሻጩን ደግሞ «ያ ደግ ሰውዬ» ነው የምትለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ሸለብ አድርጓት ሳለ ዘለቀ መጽሐፉን ዘጋና «አልጋነሽ፣ እኔ ጂንካ ነው የምሠራው። ደመወዝተኛ ነኝ። ሚስት የለኝም» አለኝ። በመጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ሳቅሁ። ከዚያ እናቴን አየኋት፤ የተቃጠለው ክንዷ ጠባሳው ገና ቀይ ነው። «እስከ መቼ ድረስ?» አልኩት። «እናትሽ እስካለች። ከዚያ አንቺም በመንገድሽ፣ እኔም በመንገዴ» አለ። ውላችን ይሄ ነው። በሳምንቱ ቀበሌ ሄደን ፈረምን፤ ከችግኝ ጣቢያው ሁለት ሰዎች መሰከሩልን። ለእናቴ አልነገርንም። እሷ ከ«ደህና ነኝ» በቀር በሕይወቷ አንድ ውሸት ያልወጣት ሴት ናት፤ ሰው ቢጠይቃት ጉዳችንን ታፈላው ነበር።

ወሬ ግን አጥር አይከለክለውም። የእናቴ ወንድም ጋሽ መኮንን፣ ጂንካ ገበያ ላይ ትልቅ ሱቅ ያለው ሰው ነው፣ ሰማና እየተንቀጠቀጠ መጣ። በውሸቴ የተቆጣ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ለካ ጉዳዩ ሌላ ነው። «የወረቀትም ቢሆን ባል ባል ነው፤ ከኛ ሰው ጠፍቶ ነው እዚያ የሄድሽው?» አለኝ። አያቶቼ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ «እዚያ» ያለው የዘለቀን ዘር ነው። እንዴት ያለ ጉድ ነው! ለውሸት ጋብቻ እንኳን ሰባት ቤት ይቆጠራል! ቀና አልኩና «ጋሼ፣ የታወረች እህትዎን በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። ያን ቀን እርስዎ ሱቅ ነበሩ። የእውነቱን ጋብቻ ዘር እየቆጠሩ ሲድሩ ኖረዋል፤ የውሸቱን እንኳን ለኔ ይተዉልኝ» አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰላምታውን ነፈገኝ። ይንፈገኝ።

ዝውውሩ በጊዜያዊነት ተፈቀደልኝና ጂንካ ገባሁ። እኔ ከእናቴ ጋር፣ ዘለቀ ከአጥሩ ማዶ። እናቴ በልጇ እጅ መጉረስ ጀመረች፤ ክንዷም ዳነ። ይህ እንግዲህ የማይቆጠረው ምክንያት ነው። ጥቂት ወራት እንደቆየን ግን መሥሪያ ቤታችን ነቃ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ፍቅር ይዞት እንዴት አገባ ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በጋብቻ ምክንያት የተዛወራችሁ ከነባለቤታችሁ ቅረቡ፤ ጋብቻው የሐሰት ሆኖ የተገኘበት ወደ ቀድሞ ቦታው መመለሱ ሳያንስ ከሥራው ይሰናበታል ይላል። ከሥራ ከተሰናበትኩ እናቴ የምትበላው የለም። ኦሞራቴ ከተመለስኩ ደግሞ የሚያበላት የለም።

ዘለቀ ግን መጽሐፉን ያምን ነበር። ወለተ ጊዮርጊስና ደግ ሰውዬ ኬላው ላይ ከመድረሳቸው በፊት አንዳቸው የሌላቸውን ሕይወት እንደ ዳዊት ደግመው አጥንተው ነበር፤ ምክንያቱም የኬላ ጠባቂዎቹ ባልና ሚስትን ለየብቻ ነው የሚመረምሩት። «እኛም እናጥና» አለ። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ፣ በቡና ችግኞቹ መሃል ተቀምጠን ሦስት ቀን አጠናን። የሚወደውን ወጥ፣ የምተኛበትን ጎን፣ የመጀመሪያ ቀን የለበስኩትን ቀሚስ። እኔ አስተማሪ አይደለሁ? በጥያቄና መልስ አዘጋጀሁት። እየተጠያየቅን አንዲት ቃል ሳትዛነፍ ሸመደድነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ከራሴ ይልቅ ስለሱ የማውቀው በዛ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢው መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከአባላቱ አንዷ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ዘነበች ናት፤ አንደኛው ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። መጀመሪያ እኔ ገባሁ። የሚወደው ወጥ? በርበሬ ያነሰው ሽሮ። መጨረሻ የተጣላችሁት መቼ ነው? ተጣልተን አናውቅም። በመሃላችሁ ቅሬታ ቢፈጠር ጥፋቱ የማን ይሆናል? የኔ። ውሃ አድርጌ መለስኩት። ልወጣ ስል ወይዘሮ ዘነበች ድንገት «ከሥራ ስትመለሱ ምን ታደርጋላችሁ?» አለችኝ። ይህን አላጠናነውም። እውነቱን ተናገርኩ፤ መጽሐፍ ያነብልናል፤ የጃፓን ታሪክ ነው አልኩ። «መጨረሻው ምን ሆነ?» አሉ ሰብሳቢው፤ እንደ መሰልቸት ብለው። «ተለያዩ» አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዘለቀ ለእናቴና ለኔ የነገረን መጨረሻ እንደዚያ አልነበረም። በሱ አፍ ወለተ ጊዮርጊስና ደግ ሰውዬ አባትየውን አስታመው ካዳኑ በኋላ ወንዝ ዳር ቤት ሠርተው ኖሩ። ሆኖም ኮሚቴው ፊት ከመቅረባችን በፊት በነበረው ቅዳሜ እሱ ችግኝ ሊያከፋፍል ገጠር በወጣ ጊዜ መጽሐፉን እኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቶት ነበርና የመጨረሻውን ምዕራፍ በራሴ ዐይን አነበብኩት። ድልድይ ላይ ቆመው እጅ ተነሣሡ፤ እሱ ወደ ምሥራቅ እሷ ወደ ምዕራብ ሄዱ። አለቀ። ለምን እንደዋሸን ልጠይቀው ነበር። ግን የኮሚቴው ነገር ይለፍ ብዬ ዝም አልኩት።

እኔ ወጣሁ፤ ዘለቀ ገባ። ከዚያ ሁለታችንንም አንድ ላይ ጠሩን። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። «ልጆቼ፣» አሉ፣ «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖሬአለሁ። ባለቤቴ የምወደውን ወጥ እስከ ዛሬ አታውቅም። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እናንተ ግን ከአንድ ደብተር ነው የቀዳችሁት። ጥፋቱ የማን ነው ሲባል እሷም የኔ፣ እሱም የኔ! መምህርት፣ ሁለት ተማሪዎች ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልስ ቢጽፉልሽ ምን ትያቸዋለሽ?»

ኩረጃ ነው የምላቸው። ስንቱን ተማሪ እንደዚያ ይዣለሁ። እንዴት ይህን ሳላስብ ቀረሁ! ያች የጃፓኗ ሴት ያለፈችው ኬላ ጠባቂዎቹ ወጣት ወታደሮች ስለነበሩ ነው። የኛዎቹ ያገቡ ሰዎች ናቸው። እናቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች፤ እጇን ዘርግታ ግድግዳውን እየዳሰሰች። «የማይገጥም አንድ ነገር ብቻ ነው ያገኘሁት» አሉ ሰብሳቢው ወረቀቱን እያዩ፤ «መጽሐፉ። እሷ ተለያዩ ብላለች፤ አንተ አብረው ኖሩ ብለሃል። ይቺን እንኳን ሳታጠኑ መጣችሁ?»

ወደ ዘለቀ ዞርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ኮሚቴውም፣ ሥራዬም፣ ሁሉም ጠፋብኝ።

«አብረው ኖሩ ብለህ ነው የነገርካቸው?»

«አዎ፤ አብረው ነዋ የኖሩት።»

«ቅዳሜ አንብቤዋለሁ ዘለቀ! ድልድዩ ላይ ተለያዩ ነው የሚለው!»

«ማን አንብቢ አለሽ?»

«ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ያንተን ፈቃድ ልጠይቅ ነበር? እናቴን ዋሸሃት፤ እኔንም ዋሸኸኝ።»

«አልዋሸሁም! አረምኩት እንጂ!»

«አንተ ማን ነህና ነው የምታርመው?»

«ደራሲው ተሳስቷል!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ዘለቀ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ይሄን ሁሉ መንገድ አብረው መጥተው፣ ኬላ አብረው አልፈው፣ አባቷን አብረው አስታመው፣ እንዴት ነው እጅ ነሥቶ የሚሄደው? ወዴት ነው የሚሄደው? ሰው አይደለም እንዴ?»

«ቃሉን ነዋ የጠበቀው! ውላቸው እስከዚያ ድረስ ነበር!»

«ውል! አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ውል! ውሉ ይጥፋ!»

«አትጩህብኝ!»

«አንቺ ነሽ የምትጮሂው!»

ሁለታችንም ነበርን። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ አፉን ከፍቶ ያየናል። ደጅ ተራ ሲጠብቁ የነበሩ «ባለትዳሮች» በመስኮት ተንጠራርተዋል። ወይዘሮ ዘነበች ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችና «አቶ ሰብሳቢ፣ ኧረ ይበቃል፤ እነዚህማ ተጋብተዋል። ጻፉላቸውና ይሂዱ፤ ጆሮዬን አመመኝ» አለች። ሰብሳቢው ጥቂት አሰቡ፤ ፈገግ አሉ፤ ፈረሙ። ዝውውሬ ቋሚ ሆነ። ጋብቻችን በኮሚቴ በጸደቀበት ቀን ከቢሮው ወጥተን፣ እኔ ከተማው መሃል ያለውን የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አቋርጬ፣ እሱ በገበያው ዞሮ፣ ሳንነጋገር ወደየቤታችን ገባን። ሁለት ሳምንት ተኳረፍን። የእውነት ኩርፊያ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት እናቴ «ዘለቀ ምነው ቀረ?» አለችኝ። ውሃው ማለዳ ማለዳ ተቀድቶ ደጅ ይቀመጣል፤ ሰውዬው ግን አይታይም። ምን ልበላት? ስለ መጽሐፉ ብቻ ነገርኳት፤ መጨረሻውን ከራሱ ፈጥሮ እንደነገረን። እናቴ ሳቀች። «የኔ ሞኝ፣» አለች፣ «የጠፋው ዐይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ገጽ ሲገልጥ እኮ እሰማዋለሁ። ያን ቀን መጨረሻ ላይ አንድም ገጽ ሳይገልጥ ነው ያወራው።» «እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው?» አልኳት። «እሱ ያመጣው መጨረሻ ይሻል ነበራ። አሁን በአጥሩ በኩል ጥሪው፤ ሌላ መጽሐፍ ይጀምርልን።» ጠራሁት። መጣ። ሁለታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆንን። እናቴም ከዚያ በኋላ ስለኛ አንዲት ነገር አልጠየቀችኝም፤ አለመጠየቋ ራሱ ያስጨንቀኝ ነበር።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረች። ሦስቱንም ዓመት እጄ ላይ ነበረች። ስትሞትም እጄ ላይ ሞተች፤ ከታች በጉንዳን ፊደል ተጽፎ የደረሰኝ መርዶ አይደለም። ለዚህ ሦስት ዓመት ስል ኮሚቴ ብቻ ሳይሆን ጉባኤ እዋሻለሁ። ዛሬም ቢሆን ተመልሶ ቢመጣ እዋሻለሁ፤ ይህን ጻፉልኝ። ዘለቀ ቃሬዛውን ከፊት ተሸከመ። ጋሽ መኮንን ከኋላ ይዞ ነበር፤ ያን ቀን ስለ ማንም ዘር አልተናገረም።

አርባዋ ከወጣ በኋላ አሰብኩ። ውሉ እናቴ እስካለች ድረስ ነበር። ዘለቀ ጎልማሳ ሆኗል፤ ዘመዶቹ አግባ እያሉ ይጨቀጭቁታል፤ ወረቀት ላይ ያለች ሚስት ይዞ እንዴት ያግባ? ደግሞ እኔ ምጽዋት አልወድም። ሰው ስላሳዘንኩት አጠገቤ እንዲቀመጥ አልፈልግም። አንድ ማለዳ በአጥሩ በኩል «ዘለቀ፣ ቃልህን ጠብቀሃል። እግዜር ይስጥልኝ። እንሂድና እንጨርሰው» አልኩት። «አንቺ ካልሽ» አለ። ኮቱን ለበሰ፤ ሄድን። መንገዱን በሙሉ ስለ ዝናቡ ነው ያወራነው። ዝናብ ደግሞ አልነበረም።

ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ዛፍ ሥር፣ የጽሕፈት መኪናቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። አንዱ ጋ ተቀመጥን። ስማችንን ጠየቀን፤ ነገርነው። ቀበሌያችንን፣ የተጋባንበትን ጊዜ ጠየቀን፤ ነገርነው። ጣቶቹ እየፈጠኑ ቀጭ ቀጭ ያደርጋሉ። ከዚያ ቆመ። «የፍቺው ምክንያት?» አለ።

ዘለቀን አየሁት። እሱ መሬቱን ያያል። ይጠጣል ልበል? አይጠጣም። ይማታል? ሌላ ሴት ይዟል? ለጋብቻው ስንት ምክንያት አጥንተን ነበር፤ ለፍቺው አንድም አላዘጋጀንም። ጸሐፊው ጠበቀን፤ ከኋላችን ተራ የያዙ ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። «አንተ ምን ትላለህ ወንድሜ?» አለው ዘለቀን። «እሷ ያለችውን ጻፍ» አለ ዘለቀ፤ ድምፁ ብዙም አይሰማም።

«እህቴ፣ ወረፋ አለ» አለኝ ጸሐፊው። «አለመግባባት ብዬ ልሙላው? ሁሉም እንደሱ ነው የሚያስጽፈው። የግድ እውነት መሆን የለበትም።»

«ወረቀቱን ከመኪናው አውጣው» አልኩት። «እኔ ይህን መንግሥት አንዴ ዋሽቼዋለሁ። ሁለተኛ አልዋሽም።»